አብረው ያረጁ ጥርሶች

ያረጀ የሳይክል ጥርስ እርጅናው ለብቻው አይታይም። ከሩቅ ሲያዩት ክብ ነው፣ ይዞራል፣ ሥራውን ይሠራል። የሚጋለጠው አዲሱን አጠገቡ ሲያስቀምጡት ነው። የአዲሱ ጥርስ ጫፍ ደልደል ያለ ነው፤ ግራና ቀኙ እኩል ወርዷል፤ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ጎድጓዳም የካቴናውን ሮለር ልክ ይዞ ተቆርጧል። የአሮጌው ግን አንድ ጎኑ ተበልቶ ጫፉ ሾሏል፣ ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል፣ ጎድጓዳውም ሰፍቶ ሞላላ ሆኗል። ዝገት እንዲህ መርጦ አይበላም። ይህ ካቴናው ዓመታት ሙሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የጎተተበት ምልክት ነው።

ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ ናት። ባጃጅ ሳይበዛ በፊት ሠራተኛውም ተማሪውም በሳይክል ነበር የሚመላለሰው። ዛሬም በየመንገዱ ዳር በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ሞርሳቸውን ግንድ ላይ አስረው የሚሠሩ ሳይክል ሠሪዎች አይጠፉም። ከእነሱ አንዱ በዕድሜ የገፉ፣ ከመናገር ይልቅ ማየት የሚቀናቸው ባለሙያ ናቸው። ሥራቸውን ቆሜ ማየት እወዳለሁ፤ እሳቸውም ብርሃን እስካልከለከልኳቸው ድረስ አይከፉም።

አንድ ወጣት ሻንጋይ የተሠራ ጥቁር ፊኒክስ እየገፋ መጣ። ጎማው 28 ኢንች፣ ፍሬኑ በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሳብ፣ አባቱ ወደ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካው ይሄዱበት የነበረ ሳይክል ነው።

«ጋሼ፣ ካቴናው አዲስ ነው፤ ያስቀየርኩት በቅርቡ ነው። ግን ወደ ቤዛዊት ዳገት ስወጣ ጠንከር አድርጌ ስረግጠው ይዘላል።»

«አሮጌውን ምን አደረግኸው?»

«ቤት ያለ ይመስለኛል።»

«ሂድና አምጣው ልጄ።»

ሌላ ሠሪ ቢሆን ጎማውን ወደ ኋላ ስቦ፣ ካቴናውን ወጥሮ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሸኘው ነበር። ውጥረት መዝለልን ለጥቂት ቀን ሊያስታግስ ይችላል፤ አያድንም። እኚህ ሰው ግን አዲሱን ትተው አሮጌውን ፈለጉ። ልጁ በፌስታል ይዞት ሲመለስ በነጭ ጋዝ አጠቡት፣ ምስማር ላይ ሰቀሉት፣ የብረት ማስመሪያ አስጠጉበት። የሳይክል ካቴና ከፒን እስከ ፒን ያለው ርቀት ግማሽ ኢንች ነው፤ ወይም 12.7 ሚሊሜትር። ሻንጋይም ይሠራ በርሚንግሃም ይኸው ነው። ስለዚህ ሃያ አራቱ ቀለበት ልክ 12 ኢንች መሆን አለበት። የዚህኛው ፒን ግን ከምልክቱ አልፎ አንድ ስምንተኛ ኢንች ሄዷል፤ ሦስት ሚሊሜትር ከምናምን መሆኑ ነው።

«ጥርሱ የለመደው ይኼንን ነው» አሉ፣ ማስመሪያውን ለልጁ እያሳዩ።

ካቴና ሲያረጅ ይረዝማል እንጂ ብረቱ አይለጠጥም። የሚያልቀው ከውስጥ፣ በማይታየው በኩል ነው። የዛሬውን ካቴና እ.ኤ.አ. በ1880 በማንቸስተር የሠራው የስዊዘርላንድ ተወላጁ ሃንስ ሬኖልድ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር ፒኑ በቀጭን ሳህን ቀዳዳ ውስጥ እየተሻሸ ቶሎ ያልቅ ነበር። ሬኖልድ ፒኑን ቦኮላ የሚባል ቱቦ አለበሰው፣ በቦኮላው ላይ ደግሞ የሚሽከረከር ሮለር አኖረበት፤ ጫናው በሰፊ ገጽ ላይ ተከፋፈለ። ተከፋፈለ እንጂ አልጠፋም። የበጋ አቧራ ከዘይት ጋር ተለውሶ በፒንና በቦኮላ መካከል ሲገባ እንደ ሞረድ ይፍቃል። ከአንዱ መጋጠሚያ የሚጎድለው ከሚሊሜትር አንድ ስምንተኛ ቢሆን ነው፤ ዓይን አያየውም። በሃያ አራቱ ሲደመር ግን ማስመሪያው ላይ ይነበባል።

የረዘመ ካቴና ሮለሮቹ በጥርሱ ሥር መቀመጣቸውን ትተው ወደ ጫፉ ይወጣሉ፣ ጥርሱንም በዚያው ልክ እየፋቁ ለራሳቸው ርዝመት ይቀርጹታል። በዚህ መልክ አሮጌው ካቴናና አሮጌው ጥርስ ተግባብተው ብዙ ጊዜ ሊሄዱ ይችላሉ፤ ባለቤቱም ችግር መኖሩን ሳያውቅ ይነዳል። ጠቡ የሚጀምረው አንዱ ብቻ ሲታደስ ነው። አዲሱ ካቴና ግማሽ ኢንቹን ሳያዛንፍ ይዞ ይመጣል፣ የተበላው ጥርስ ደግሞ ያንን ልክ አያውቀውም። ሜዳ ላይ ይቻቻላሉ፤ ዳገት ላይ እግር ሲጠነክር ሮለሩ በሾለው ጀርባ ተንሸራቶ ያልፋል። ልጁን ያስቸገረው ይኸው ነው።

ሁለት አማራጭ ሰጡት። አንደኛው አሮጌውን ካቴና መልሶ ማሰርና ጥርሱም ካቴናውም አብረው እስኪያልቁ መንዳት፤ ይህ ወጪ የለውም። ሁለተኛው ከካቴናው ጋር የሚነካካውን ሁሉ መርምሮ ያለቀውን መቀየር ነው። የመጀመሪያውን ምክር የሚሰጥ ሠሪ ብዙ አይገኝም፣ ምክንያቱም እንጀራው መለወጫ ዕቃ በመሸጥ ላይ ነው። እሳቸው ግን እኩል አድርገው አቀረቡት። ልጁ አስቦ ሁለተኛውን መረጠ።

«ያለቀውን» ማለታቸው ቀላል ነገር አይደለም። የትኛው እንዳለቀ ማወቅ ነው ሙያው። የኋላው ጥርስ አያከራክርም፤ ሃያ ጥርስ ብቻ ስላለው አርባ ስምንት ጥርስ ካለው ከፊቱ ይልቅ እያንዳንዱ ጥርስ ሁለት እጥፍ ከግማሽ ገደማ ቶሎ ቶሎ ይሠራል። የፊቱ ግን ጊዜ ወሰደባቸው። አዲሱን ካቴና አልብሰው ከፊት በኩል በሁለት ጣት ሳቡት። ጥሩ ጥርስ ላይ ካቴናው ከቦታው ብዙም አይነሳም። አንድ አራተኛ ዙር አዙረው ደግመው ሳቡት፤ እዚያ ላይ ጥርሱ ግማሹ እስኪታይ ተነሳ። ሌላ አንድ አራተኛ ዙር፤ ደህና። ሌላ፤ ተነሳ።

የፊት ጥርስ ዙሪያውን እኩል አያልቅም። ሰው ፔዳል የሚረግጠው በሙሉው ዙር ሳይሆን የፔዳሉ ክንድ ወደ ፊት ሲዘረጋ ነው፤ ስለዚህ በሁለቱ እግሮች ጉልበት የሚሳቡት፣ ትይዩ የሆኑት ሁለት ወገኖች ቀድመው ይበላሉ። ጥርሱ በብሎን የሚታሰር ቢሆን ፈትቶ ትንሽ አዙሮ መልሶ በማሰር ዕድሜ ማራዘም ይቻላል። የዚህ ፊኒክስ ጥርስ ግን ከቀኙ የፔዳል ክንድ ጋር አንድ ሆኖ የተበየደ ነው፤ አይዞርም። ስለዚህ ክንዱም አብሮ መውጣት ነበረበት።

ገበያ ላይ አዲስ አለ። እሳቸው ከጣሳቸው ውስጥ አሮጌ አወጡ። ከሌላ የሞተ ፊኒክስ የተፈታ፣ ብዙ ያልተሠራበት። አዲሱ ቀጭን ቆርቆሮ ነው፣ ሲዞርም ይወላገዳል ባይ ናቸው፤ በዚህ እስማማለሁ። ያገለገለ ጥሩ ብረት ከአዲስ መናኛ ብረት የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ዕቃ በማሸጊያው አዲስነት ብቻ የሚመርጥ ገዥ ይህንን አያይም።

መጀመሪያ የኋላውን ጥርስ የያዘው ፍሪ ወጣ። ፍሪ በየቀኑ በተረገጠ ቁጥር በራሱ ጊዜ እየጠበቀ ስለሚሄድ ዓመታት የቆየ ከሆነ በክንድ ጉልበት አይፈታም። ሁለት ጥርስ ያላትን መፍቻ ፍሪው ላይ ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች አስገቡና እንዳትንሸራተት የጎማውን ዳዶ ላዩዋ ላይ ጠበቅ አደረጉት። ከዚያ መፍቻዋን ሞርሳ ላይ ቀርቅረው ጎማውን ከላይ አስተኙት። የሚዞረው መፍቻዋ ሳትሆን ጎማው ነው፤ ቸርኬውን በሁለት እጅ ይዘው ወደ ግራ ሲገፉት የጎማው ስፋት ራሱ ክንድ ሆነ፤ አንድ ጊዜ «ቋ» ብሎ ለቀቀ። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው እስከ መጨረሻው ያዞረዋል። እሳቸው አቁመው ዳዶውን አላሉ፣ ከዚያ ቀጠሉ። ባያላሉት ኖሮ ፍሪው እየወጣ ሲመጣ ከዳዶው ጋር ተጋፍቶ መፍቻዋን ይሰብር ነበር።

አዲሱን ሲያስገቡ በጎማው መሃል ያለውን የሞዞውን ጥርስ ግራሶ ቀቡ፤ ወደፊት የሚፈታው ሰው እንዳይቸገር ነው። መጀመሪያ በጣት ወደ ኋላ አዞሩት፤ ጥርስ ከጥርስ ቦታውን ሲያገኝ የምትሰማ ትንሽ ጠብታ ድምፅ አለች፣ እሷን ጠብቀው ወደ ፊት አዞሩ። ፍሪው ውስጥ ግን ግራሶ አላስገቡም፤ ቀጭን ዘይት ብቻ። ውስጡ ያሉት ሁለቱ ምላሶች በፀጉር ቀጭን ስፕሪንግ የሚነሱ ናቸው፤ ግራሶ ከያዛቸው ሳይነሱ ይቀሩና ፔዳሉ በባዶ ይዞራል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነው ለእኔ የዚህ ሥራ እምብርት።

በእንዲህ ያለ አሮጌ ሳይክል ክንዱን ከመሃለኛው ዘንግ ጋር የሚያስረው ብሎን ሳይሆን ሽብልቅ ነው። የትንሽ ጣት ያህል ውፍረት፣ 9.5 ሚሊሜትር ገደማ ያለው ድቡልቡል ብረት ነው፤ አንድ ጎኑ በሰያፍ ተሞርዷል። ክንዱን በቀዳዳው አቋርጦ ሲገባ ይህ ሰያፍ ገጽ ዘንጉ ላይ ከተቆረጠው ጠፍጣፋ ቦታ ጋር ይጋጠማል። የነጂው ክብደት በሙሉ የሚያርፈው በዚህች ከጥፍር ብዙም በማትበልጥ ገጽ ላይ ነው። ገጹ በሙሉ ካልነካ፣ በአንድ ጫፍ ብቻ ከነካ፣ ያ ጫፍ ይደቀቃል፣ ክንዱ «ቀጭ ቀጭ» ማለት ይጀምራል።

አሮጌውን ሲያወጡ ዳዶውን ሙሉ በሙሉ አልፈቱትም፤ ከሽብልቁ ጫፍ ጋር እኩል አድርገው ተዉት፣ መዶሻው ጥርሱን እንዳያጠፋው። ከክንዱ ሥር ወፍራም ቧንቧ መሬት ላይ አቆሙ፣ ክንዱ በላዩ ላይ አረፈ። የዚህ ጥቅም ለማያውቅ ሰው አይታየውም፤ ድጋፍ የሌለው ምት ሁሉ በዘንጉ በኩል አልፎ ኩሽኔታው ላይ ያርፋል፣ ኳሶቹም ማረፊያቸውን ይጎደጉዳሉ። በትንሽ መዶሻ ደጋግሞ መቀጥቀጥ ደግሞ የሽብልቁን ጫፍ እንደ ባርኔጣ ያሰፋዋል እንጂ አያወጣውም። በትልቁ መዶሻ አንድ ጊዜ መቱ። ወጣ። ሰያፉ ገጽ ላይ ዘንጉ የነከሰው ደረጃ በጥፍር ይዳሰስ ነበር።

አዲሶቹ ሽብልቆች ገበያ ላይ ያለቁ ተደርገው ነው የሚሸጡት፤ ብዙ ሠሪም እንዳሉ ይመታቸዋል። እሳቸው ኩራዝ ለኮሱ። ሽብልቁን ጭሱ ላይ ይዘው ሰያፉን ገጽ በጥቀርሻ አጠቆሩት፣ ቀዳዳው ውስጥ በአውራ ጣት ገፍተው አስገቡት፣ አወጡት። ጥቀርሻው የለቀቀው ላይኛው ጫፍ ብቻ ነበር፤ ሌላው ጥቁር እንደሆነ ቀርቷል። ሞርሳ ላይ አስረው፣ ሞረዱን ጠመኔ አሽተው የብረት ብናኝ እንዳይዘው አደረጉ፣ ሞረዱ ወደ ፊት ሲሄድ ብቻ እየነካ፣ ሲመለስ እየተነሳ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አስኬዱት። እንደገና ጥቀርሻ። አሁን የለቀቀው እስከ መሃል ደረሰ። እንደገና ሞረድ፤ ያውም በጣም በጥቂቱ። መጨረሻ ላይ ጥቀርሻው ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ሲነሳ ሽብልቁን በብርሃን አዟዙረው አዩና ለቀኙ ለዩት።

የግራው ደግሞ ከቀኙ ጋር መመሳሰል አለበት። ሁለቱ ሽብልቆች የሚገቡት ከተቃራኒ አቅጣጫ ነው፣ እንዲህ ካልሆነ ሁለቱ ክንዶች በአንድ መስመር አይቆሙም። አንዱ ሽብልቅ ከሌላው ጥቂት ቢወፍር እንኳ አንዱ ፔዳል ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ ይዞራል፤ ነጂው ምክንያቱን ሳያውቅ እግሩ ይከብደዋል። ሁለቱን በመስታወት ቁራጭ ላይ ጎን ለጎን አስተኝተው በላያቸው ማስመሪያ አጋደሙ። በማስመሪያውና በቀኙ መካከል ብርሃን ገባ። አሁንም ሞረድ፤ የግራውን በጥቀርሻ ሳይሆን በብርሃን ለክተው ጨረሱት። ይህ ሁሉ ከተገጠመ በኋላ የሚታየው ሁለት ዳዶ ብቻ ነው። ልጁም ስልኩን ያይ ነበር፤ አልፈረድኩበትም።

ክንዶቹ ከወጡ አይቀር የመሃለኛውን ዘንግ አወጡት። ዕቃዎቹን አጥበው በስልክ መብራት ፈተሹ፤ ማረፊያዎቹ ለስላሳ ናቸው፣ ዘንጉም አልተፈነቀለም። እነዚህን አልቀየሩም። ኳሶቹን ግን ቀየሩ፣ በየጎኑ አሥራ አንድ፣ የሩብ ኢንች። ኳስ ርካሽ ነው፣ የተበላ ኳስ ደግሞ ውዱን ማረፊያ ይበላል። የግራውን ክዳን ሲያጠብቁ መጀመሪያ ጥቂት ላላ አድርገው ተዉት፤ መቆለፊያው ቀለበት ሲጠብቅ ክዳኑን ይዞ እንደሚሄድ ያውቃሉና። ቀለበቱን ሲጨርሱ ዘንጉ ሳይነቃነቅ በሁለት ጣት ይዞር ነበር።

ሽብልቆቹን መልሰው ሲመቱም ቧንቧው ከሥር ነበር። መጀመሪያ መዶሻ፣ ቀጥሎ ዳዶ፣ ደግሞ መዶሻ፣ ደግሞ ዳዶ። ሽብልቁን በዳዶ መሳብ የሚሞክር ሰው የዳዶውን ጥርስ ነው የሚያጠፋው፤ የዳዶው ሥራ የገባውን ይዞ ማቆየት ብቻ ነው።

ካቴናውን ሲያስሩ መጋጠሚያው ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ዝግ ጫፏን ወደ ጉዞው አቅጣጫ አደረጓት፤ ክፍት ጫፏ ወደ ፊት ቢሆን አንድ ነገር ሲነካት ተገፍታ ትወጣለች። ውጥረቱን በአንድ ቦታ ለክተው አልተዉትም። ያገለገለ የፊት ጥርስ ሙሉ በሙሉ ክብ አይሆንም፣ ስለዚህ ካቴናው በሚዞርበት ጊዜ የሚጠብቅበትና የሚላላበት ቦታ አለው። ፔዳሉን በዝግታ እያዞሩ በጣም የሚጠብቅበትን ፈለጉና እዚያ ላይ መሃሉ ከላይ እስከ ታች አንድ ሴንቲሜትር ያህል እንዲጫወት አድርገው ጎማውን አሰሩ። በሚላላበት ቦታ ለክቶ የሚወጥር ሰው ኩሽኔታውን በየዙሩ እየጎተተ ይገድለዋል።

ዘይቱን በየሮለሩ አንድ ጠብታ አንጠባጥበው ቆይተው ውጭውን በጨርቅ አደረቁት። እ.ኤ.አ. በ1999 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲው ጄምስ ስፓይሰርና ባልደረቦቹ ካቴናን በላቦራቶሪ ሲለኩ ከገባው ጉልበት እስከ 98.6 በመቶው ወደ ኋላ እንደሚተላለፍ አግኝተዋል፤ ያስገረመው ደግሞ ዘይት መኖር አለመኖሩ ውጤቱን እምብዛም አለመቀየሩ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ግን አቧራ የለም። እዚህ ዘይት የሚፈለገው ለጉልበት ሳይሆን ለዕድሜ ነው፤ ከውጭ የተረፈው ደግሞ አቧራ ከመሰብሰብ በቀር ጥቅም የለውም። ጨርቁ የመጣው ለዚህ ነው።

ልጁ ወደ ቤዛዊት ነድቶ ተመለሰ። አልዘለለም።

«በሳምንቱ ና» አሉት። «ሽብልቅ ሲገባ ተቀምጧል ማለት አይደለም። ሲረገጥ ነው የሚቀመጠው፣ ያኔ ዳዶው ይላላል። ካልመጣህ የክንዱ ቀዳዳ ሞላላ ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ ምንም ሽብልቅ አይዘውም።»

በሳምንቱ ሲመጣ እኔም ነበርኩ። የቀኙ ዳዶ ሩብ ዙር ያህል ገባ፤ የግራው አልተነቃነቀም። ሂሳብ አልጠየቁትም።